የዶት አፍሪካ ክርክር፦ ሶፊያ በቀለና የኢንተርኔት ስሞች ደንብ

በኦዳ፣ ሞያሌ (ኬንያ) ለነጋዴዎችና ለወጣቶች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የምነግራችሁ ታሪክ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በናይሮቢ አልፎ፣ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ድረስ የዘለቀ ነው። ባለታሪኳ ሶፊያ በቀለ ይባላሉ። አዲስ አበባ ተወልደው፣ አሜሪካ ተምረው፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መስክ የራሳቸውን ድርጅት ያቋቋሙ የንግድ ሰው ናቸው። «አፍሪካ» የሚለው ስም ኢንተርኔት ላይ በማን እጅ ይተዳደር በሚለው ጉዳይ ከአፍሪካ ኅብረት ጋር መንገዳቸው ተለያየ፤ የዓለምን የኢንተርኔት ስሞች ከሚመራው ተቋም ጋርም ለዓመታት ተከራከሩ። አንድ ጊዜ ረቱ። ስሙን ግን አላገኙም። የረቱበትም የተረቱበትም ምክንያት ድንበር ላይ ለምንኖር ሰዎች የሚጠቅም ትምህርት ስላለው ነው ይህን ርእስ የመረጥሁት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞያሌ ድንበር መሃሏን ከፍሎ ለሁለት አገር፣ ለኬንያና ለኢትዮጵያ፣ ያካፈላት ከተማ ናት፤ ገበያውና ዝምድናው ግን አልተከፈለም። ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ገሪው ከወዲህም ከወዲያም አለ። በዲሴምበር 2020 የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር ጣቢያ መርቀው ከፍተዋል። ኢንተርኔቱ ላይ ግን ድንበሩ እንዳለ ነው። ከዚህ በኩል ያለ ነጋዴ ድረ ገጽ ሲያወጣ ከስሙ ኋላ የሚመጣው የአገሩ መጨረሻ ዶት ኬኢ ነው፤ ከዚያ በኩል ላለው ዶት ኢቲ። ከብቱን ናይሮቢ፣ ቡናውን አዲስ አበባ የሚያነግድ ሰው የቱን ይያዝ? ዶት አፍሪካ የሚባለው መጨረሻ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጭምር የታሰበ ነበር።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተሮች የሚተዋወቁት በቁጥር ነው። ለሰው ቁጥር መያዝ ስለሚከብደው በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባሉ አሜሪካዊ ስምን ከቁጥር ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት ነደፉ። ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚመጣው ክፍል የስሙ የበላይ ነው። እነዚህ መጨረሻዎች በሙሉ የተመዘገቡበት አንድ ዋና መዝገብ አለ። እዚያ ያልተጻፈ መጨረሻ የትም ቦታ በተለመደው መንገድ አይከፈትም። ማን ይግባበት፣ የገባውስ በምን ግዴታ ያስተዳድር የሚለውን የሚወስነው አይካን የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው፤ የተመሠረተው በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። እስከ ኦክቶበር 1 ቀን 2016 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ሥራ ላይ የተቆጣጣሪነት ድርሻ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ቀርቷል።

አይካን መንግሥት አይደለም። ደንቡን የሚያወጡት በየምክር ቤቱና በየኮሚቴው የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ነጋዴዎች፣ መሐንዲሶች፣ የመንግሥት ተወካዮች፣ ተራ ተጠቃሚዎች። ስብሰባው ላይ የተገኘ ይሰማል፤ ያልተገኘ ሌሎች ባወጡት ደንብ ይተዳደራል። የሶፊያ በቀለም ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የቅርባችንን የዶት ኬኢን ነገር ልንገራችሁ። ይህ መጨረሻ በዋናው መዝገብ ላይ የተጻፈው በ1993 ነው። ያኔ በኃላፊነት የያዙት ሁለት ግለሰቦች ነበሩ፤ አንዱ ኬንያዊው ዶክተር ሼም ኦቹዎድሆ፣ ሌላው አሜሪካ ሆነው ቴክኒኩን የሚያግዙት ራንዲ ቡሽ። በዚያ ዘመን ሥራው የበጎ ፈቃድ ሥራ ስለነበር ይህ ነውር አልነበረውም። ንግዱ ሲያድግ ግን የኬንያ የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች፣ የመገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትና ሌሎች ባለድርሻዎች ተሰባስበው ኬኒክ የሚባል የጋራ ተቋም አቋቋሙ፤ በ2002 መጨረሻ አይካን ዝውውሩን ፈቀደ። ዛሬ በዶት ኬኢ ከመቶ ሺህ በላይ ስሞች ተመዝግበዋል፤ ስሙን የሚሸጡትም ብዙ ተወዳዳሪ ድርጅቶች ናቸው። ዶት ኢቲ በ1995 ተመዘገበ፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ቁጥር ከኬንያ እጅግ ቢበልጥም በዚህ ስም የሚጠቀመው ሰው ከኬንያው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት፣ እኔ እንደማምነው፣ በኬንያ ነጋዴው ስለ ስሙ አስተዳደር በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ ገና ከጅምሩ መቀመጡ ነው።

ወደ ሶፊያ በቀለ ልመለስ። በ2005 የአይካን ሹመት አቅራቢ ኮሚቴ ጂኤንኤስኦ ለሚባለው ምክር ቤት መረጣቸው። ይህ ምክር ቤት እንደ ዶት ኮም ያሉ፣ የአንድ አገር መለያ ያልሆኑ መጨረሻዎች የሚመሩበትን ፖሊሲ የሚያወጣ ነው። እስከ 2007 ድረስ አገለገሉ። ያኔ አፍሪካዊ ፊት እምብዛም በማይታይበት በዚያ ምክር ቤት ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ከላቲን ፊደል ውጭ በሚጻፉ ቋንቋዎች የኢንተርኔት ስም እንዲኖር ነው፤ የዓረቡ፣ የቻይናው፣ የእኛም የግእዝ ፊደል ማለት ነው። የፊደሉን ነገር ኋላ አነሣዋለሁ።

ጊዜውን ልብ በሉ። ምክር ቤቱ ለአዲስ መጨረሻዎች በሩን የሚከፍተውን ፖሊሲ መቅረጽ የጀመረው በ2005 መጨረሻ ሲሆን ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው በሴፕቴምበር 2007 ነው። ሶፊያ በቀለ ምክር ቤት የተቀመጡት፣ በኋላ ማመልከቻቸው የሚመዘንበት ፖሊሲ ሲረቀቅ ነበር ማለት ነው። የዶት አፍሪካን ዕድል ከብዙዎች ቀድመው ማየታቸው አይደንቅም።

ነገር ግን ደንብ የሚወጣው በአንድ ክፍል ብቻ አልነበረም። በዚያው በ2007 በማርች ወር የአይካን የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴ የራሱን መርሖዎች አወጣ። ከመርሖዎቹ አንዱ የአገርና የቦታ ስሞች የሚመለከታቸው መንግሥታት ሳይስማሙ ለማንም እንዳይሰጡ የሚል ነበር። ይህ ሐሳብ ውሎ አድሮ በአመልካቾች መመሪያ ውስጥ ገብቶ በቁጥር ተወሰነ፤ የአንድን አህጉር ስም የሚጠይቅ አመልካች በዚያ አህጉር ካሉ መንግሥታት ቢያንስ የ60 በመቶውን የጽሑፍ ድጋፍ ማቅረብ አለበት፤ በጽሑፍ የሚቃወመውም ከአንድ መብለጥ የለበትም። ለአፍሪካ ይህ ማለት ከ30 በላይ መንግሥታት ናቸው። አንድ የንግድ ሰው ይህን ያህል ዋና ከተማ ዞሮ ማሳመን ምን ያህል ገንዘብና ጊዜ እንደሚጠይቅ እናንተ ነጋዴዎች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የአፍሪካ ኅብረትን የያዘ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያዘ። ስለዚህ ቁልፉ አዲስ አበባ፣ ኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ነበር።

ሶፊያ በቀለ ይህን ገና ደንቡ ሳያልቅ ተረድተውታል። በ2008 ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የድጋፍ ደብዳቤ አገኙ። በኦገስት 2009 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ዣን ፒንግ የፈረሙበት ደብዳቤ ተሰጣቸው። በ2010 ዶት ኮኔክት አፍሪካ የተባለውን ድርጅታቸውን በሞሪሺየስ በሕግ አስመዘገቡ፤ ዋና ሥራውን የሚያካሂደው ከናይሮቢ ነበር።

ሆኖም ድርጅቱ ሞሪሺየስ ከመመዝገቡ ከሦስት ወር በፊት፣ በኤፕሪል 2010፣ የኅብረቱ ኮሚሽን ሌላ ደብዳቤ ጽፏል። በዚህኛው፣ ከእንግዲህ የግለሰቦችን ውጥን እንደማይደግፍና ጉዳዩን በግልጽ ውድድር እንደሚያስኬድ አስታወቀ። የፈረሙት ምክትል ሊቀ መንበሩ፣ ኬንያዊው ኢራስተስ ምዌንቻ ናቸው። የዶት ኮኔክት አፍሪካ ወገን ይህ ደብዳቤ የመጀመሪያውን ሊሽር አይችልም ብሎ ተከራክሯል። ኅብረቱ በ2011 ጨረታ አወጣ፤ ያሸነፈው የደቡብ አፍሪካው ዩኒፎረም፣ በኋላ ዜድኤሲአር የተባለው ድርጅት ነው። ኅብረቱ ስሙ በቀጥታ ለራሱ ተለይቶ እንዲቀመጥለትም አይካንን ጠይቆ ነበር። አይካን ይህን ማድረግ እንደማይችል ገልጾ፣ መንግሥታት ግን በአማካሪ ኮሚቴያቸው በኩል ማመልከቻ ሊቃወሙ እንደሚችሉ አመለከተ። ይህች የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር የሁሉም ነገር መክፈቻ ሆነች።

በ2012 የማመልከቻው ጊዜ ሲዘጋ ከዓለም ዙሪያ 1,930 ማመልከቻዎች ቀረቡ። እያንዳንዱ አመልካች 185 ሺህ ዶላር ከፍሏል። ከእነዚያ ውስጥ ከመላው አፍሪካ የመጡት 17 ብቻ ነበሩ። ሰሜን አሜሪካ ብቻ 911 አቅርቧል። ይህን ቁጥር ባነሣሁ ቁጥር ያመኛል፤ የዓለም አዲስ የስም ርስት ሲከፋፈል አህጉራችን ከመቶ አንድ እንኳ አልደረሰችም። ከ17ቱ ሁለቱ ደግሞ ለአንድ ስም የሚፋለሙ ነበሩ፤ ዶት ኮኔክት አፍሪካና ዜድኤሲአር።

በኤፕሪል 2013 የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴ ቤጂንግ ተሰብስቦ የዶት ኮኔክት አፍሪካ ማመልከቻ እንዳይቀጥል ለአይካን ቦርድ ምክር ሰጠ። እዚህ ላይ የኬንያ ድምፅ አለበት፤ አንድ የኬንያ አማካሪ ለኮሚቴው በላኩት ኢሜይል፣ ኬንያ የኅብረቱን ምርጫ ብትደግፍም በሌላኛው አመልካች ላይ እንዲህ ያለ ምክር እንዲወጣ እንደማትፈልግ ገልጸው ነበር። ምክሩ ግን ወጣ። በጁን ወር የአይካን ቦርድ ተቀበለው፤ ማመልከቻውም ግምገማው ሳይጠናቀቅ ቆመ። በማርች 2014 አይካን ከዜድኤሲአር ጋር ውል ተፈራረመ።

አብዛኛው አመልካች እዚህ ላይ ከገንዘቡ የሚመለስለትን ይዞ ይሄድ ነበር። ሶፊያ በቀለ ግን የአይካን መተዳደሪያ ደንብ በፈቀደው ገለልተኛ የግምገማ ጉባኤ ፊት ቀረቡ። ጉባኤው ሦስት የውጭ ዳኞች ያሉበት ነው። በሜይ 2014 ዳኞቹ ክርክሩ እስኪያልቅ ስሙ ለማንም እንዳይሰጥ አገዱ። በሚቀጥለው ዓመት የኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩት ሔዘር ድራይደን ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ኮሚቴው ለምክሩ ምክንያት እንደማይሰጥ ተናገሩ። ቦርዱም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ነው የተቀበለው። በጁላይ 9 ቀን 2015 ዳኞቹ የአይካን ቦርድ የራሱን መመሥረቻና መተዳደሪያ ደንብ ጥሷል ብለው ወሰኑ፤ የዶት ኮኔክት አፍሪካ ማመልከቻ ከቆመበት ይቀጥል አሉ፤ የጉባኤውንም ወጪ አይካን እንዲከፍል አዘዙ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በቶሎ ማለፍ አልፈልግም። የዓለምን ስም የሚያስተዳድር ተቋም፣ ከጀርባው የመንግሥታት ኮሚቴ ይዞ፣ ናይሮቢ ላይ በተቀመጠ አንድ ትንሽ ድርጅት ተረታ። ፍርዱ የስሙ ባለቤት ሶፊያ በቀለ ናቸው አላለም። የተባለው፣ ኃይል ያለው አካል ምክንያቱን ሳይናገርና ሳይጠይቅ የሰውን ማመልከቻ ሊዘጋ አይችልም ነው። ከዚያ ወዲህ ለሚያመለክት ለማንኛውም ድሃ አመልካች ጥላ የሆነ ውሳኔ ነው። ሶፊያ በቀለ ሌላ ምንም ባይሠሩ ለዚህ ብቻ ምስጋና ይገባቸዋል።

ማመልከቻው ቀጠለ። የ60 በመቶው ድጋፍ ይመዘን ተባለ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2015 በጻፈው ደብዳቤ፣ የ2008ቱ ደብዳቤ ስለ ድርጅቱ ውጥን አስተያየት ከመግለጽ ያለፈ እንዳልሆነና እርሱም መንግሥት ባለመሆኑ ድጋፍ የመስጠት ሥልጣን እንደሌለው ገለጸ። የኅብረቱ ድጋፍ በ2010 ተነሥቷል። ሁለቱ ደብዳቤዎች ሲወድቁ ማመልከቻው የሚቆምበት እግር አጣ። በ2016 መጀመሪያ አይካን አላለፈም ብሎ ዘጋው።

ጉዳዩም ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ገባ። በኤፕሪል 2016 አንድ የፌዴራል ዳኛ የእግድ ትእዛዝ ሰጡ፤ መዝገቡ ወደ ካሊፎርኒያ ግዛት ፍርድ ቤት ሲመለስ ግን እግዱ አልቀጠለም። ዶት አፍሪካ በፌብሩዋሪ 2017 በዜድኤሲአር ስም በዋናው መዝገብ ላይ ተጻፈ፤ በጁላይ ወር ለማንም ክፍት ሆነ። የክሱ ፍርድ በ2019 ተሰጠ፤ ይግባኙም በ2021 አልተሳካም። የተረቱበት ምክንያት ለሕግ ተማሪ ብቻ የሚተው አይደለም። ማንኛውም አመልካች ሲያመለክት አይካንን ፍርድ ቤት ላለመክሰስ ይፈርማል። ዶት ኮኔክት አፍሪካ በግምገማው ጉባኤ ፊት፣ ፍርድ ቤት መሄድ ስለማንችል ያለን መድረክ ይህ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሳኔያችሁ አስገዳጅ ይሁን ብሎ ተከራክሮ ጉባኤውም ተቀብሎታል። በዚያ የረታ ወገን ተመልሶ ፍርድ ቤት መክሰስ እችላለሁ ሊል አይችልም ተባለ። አንደኛው መድረክ ላይ የጠቀመ ቃል ሌላው መድረክ ላይ አሠረ።

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ የአህጉር ስም የአህጉሩ መንግሥታት በጋራ በመረጡት አካል መያዙ ተገቢ ነው እላለሁ። ነገር ግን ኅብረቱ በ2009 ደብዳቤውን ሲሰጥ ውድድር ሊያወጣ የሚችል መሆኑን ማሰብ ነበረበት። ትልቅ ተቋም በሊቀ መንበሩ ፊርማ የሰጠውን ቃል በስምንት ወር ሲያነሣ፣ ቃሉን አምኖ ገንዘብና ዕድሜ ያፈሰሰ ሰው ይጎዳል። በሌላ በኩል ሶፊያ በቀለም ድጋፉ ሲነሣ ወደ ውድድሩ አለመግባታቸው፣ የያዙትን ደብዳቤ ከሚገባው በላይ ማመናቸው ይመስለኛል። በገበያችን የድጋፍ ደብዳቤ ብዙ ይታመናል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያዩ መብት አገኘሁ የሚሉ ብዙ ናቸው። ውል ሌላ፣ ድጋፍ ሌላ ነው። ውል ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ ድጋፍን የሰጠው ሊያነሣው ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ቦረና ከብቱን በምልክቱ እንደሚያውቀው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ደንበኛ የሚያውቃችሁ በስማችሁ ነው፤ የኢንተርኔት ስም ግን በየዓመቱ ኪራይ የሚከፈልበት ነው፤ ካልታደሰ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ድረ ገጽ ያሠራችሁ ወይም ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ስሙ የተመዘገበው በእናንተ ስምና ኢሜይል ይሁን በሠራላችሁ ልጅ ስም አረጋግጡ። ልጁ ሥራ ቀይሮ ናይሮቢ ወይም ሐዋሳ ሲሄድ ስማችሁ አብሮት እንዳይሄድ። በሁለቱም አገር የምትነግዱ ከሆነ ዶት ኬኢም ዶት አፍሪካም መያዝ ትችላላችሁ፤ ዶት አፍሪካን ለመመዝገብ የየትም አገር ዜግነት አይጠየቅም።

ለወጣቶቹ ደግሞ ስለ ፊደላችን እነግራችኋለሁ። ሶፊያ በቀለ በምክር ቤቱ ያነሡት የፊደል ጉዳይ ፍሬ አፍርቷል። በ2010 የመጀመሪያዎቹ በላቲን ያልተጻፉ የአገር መጨረሻዎች ተከፈቱ፤ ሁሉም በዓረብኛ ነበሩ፤ የግብፅ፣ የሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ። ለግእዝ ፊደል የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ደግሞ በዋናው መዝገብ የትኞቹ ፊደላት እንዲፈቀዱ አጥንቶ አቀረበ፤ በ2017 ከታይ፣ ከላኦ፣ ከክመርና ከጆርጂያ ፊደላት ጋር ወደ ዋናው ደንብ ገባ። ቡድኑ ከመከረባቸው ነገሮች አንዱ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት ናቸው። ሰው «ሠላም» እና «ሰላም» እያለ ሁለቱንም ስለሚጽፍ፣ አንዱን ስም አንድ ሰው፣ ሌላውን ሌላ ሰው ቢይዘው ደንበኛ ይታለላል። ስለዚህ አንዱ ሲያዝ ሌላው እንዲታገድ ሆነ። ይህ ሥራ ፊደሉን ከሚያውቁ ሰዎች በቀር በማንም ሊሠራ አይችልም ነበር። ኦሮምኛን በላቲን ቁቤ የሚጽፈው የቦረና ወጣት ደግሞ ስሙን ዛሬውኑ ያለ ምንም ተጨማሪ ደንብ ማስመዝገብ ይችላል።

አይካን ከ2012 በኋላ የመጀመሪያውን አዲስ ዙር የቀጠረው ለ2026 ነው። የማመልከቻው ክፍያ 227 ሺህ ዶላር ሆኗል፤ አቅም ለሌላቸው ብቁ አመልካቾች ከፍተኛ ቅናሽ የሚሰጥ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። እዚህ አዳራሽ ያለ ሰው በዚህ ዙር የራሱን የስም መጨረሻ ይገዛል ብዬ አልጠብቅም። የምጠብቀው ሌላ ነገር ነው። አይካን ለወጣቶችና ለአዲስ ተሳታፊዎች የጉዞና የማረፊያ ወጪ የሚሸፍን የፌሎሺፕ ፕሮግራም አለው። ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ረቂቅ ደንቦች ላይ አስተያየት መጻፍ ይችላል፤ ክፍያ የለውም። ኬንያ ውስጥ በየዓመቱ የኢንተርኔት አስተዳደር መድረክ ይካሄዳል፤ ኢትዮጵያም የራሷ አላት። ሶፊያ በቀለ ወደ ምክር ቤቱ የገቡት በመንግሥት ውክልና አልነበረም፤ ለሹመት አቅራቢው ኮሚቴ ቀርበው ተመርጠው ነው። ያ ኮሚቴ ዛሬም በየዓመቱ ዕጩዎችን ይጠራል፤ የማመልከቻውን ቅጽ አብረን ለማየት የምትፈልጉ ወጣቶች ካላችሁ ከጥያቄና መልሱ በኋላ እዚሁ ቆዩ።